ሦስቴ የማይጠይቁ ሰዎች

አክስቴ የሺእመቤት በሕይወቷ «እፈልጋለሁ» ብላ አታውቅም። ምግብ ሲቀርብላት «አሁን በላሁ»፣ ሲበርዳት «ኧረ ደህና ነኝ»፣ ወንበር ሲለቀቅላት «ኧረ በስማም፣ ቁጭ በይ» ነው መልሷ። አዲስ አበባ ቢሆን ይህ ጨዋነት ነው። እዚያ ሰው «በሞቴ» ይላል፣ «አፈር ስሆን» ይላል፣ እጅ ይዞ ይጎትታል፤ እሷም ሦስተኛው ላይ እየተሽኮረመመች እሺ ትላለች። አትላንታ ውስጥ ግን ሰው አንዴ ነው የሚጠይቅሽ። ኖ ካልሽ «ኦኬ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እትዬ ይህንን ለማወቅ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀባት፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት ጨጓራዬን ስትልጠው የኖረችው በዚሁ ነው።

መነን እባላለሁ። በዲቪ የመጣሁት በ2010 ነው። ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ አገሩ የእነሱ ነዋ። እናቴ የእትዬ ታላቅ እህት ስለሆነች የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት እትዬ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። እኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት እቆርጣለሁ፤ እሷ ደግሞ ከእኔ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ ትልቅ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ስትተኩስ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። መኪና አትነዳም። ባለቤቷ ነፍሱን ይማረውና «ላስተምርሽ» ብሏት ነበር፤ «እኔ ምን አቅም አለኝ» ስትለው ተወው። እሱስ ሐበሻ ነበር፣ እንዴት አንዴ ጠይቆ እንደተወ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ብቻ እሁድ እሁድ አቮንዴል እስቴትስ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ ሆንኩ።

ቤተ ክርስቲያን ስል የኛ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊካኖች ነው። የሰፈሩ ቤቶች ጣራቸው ሾጣጣ፣ ግድግዳቸው በጥቁር እንጨት የተጌጠ፣ የእንግሊዝ ገጠር እንዲመስሉ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኗም የመንደር ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ቀይ በር፣ አንድ ደወል፣ ቢበዛ አርባ ሰው። እትዬ በ1989 ከሱዳን ካምፕ ስትመጣ ስፖንሰር ያደረጓት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ኤርፖርት ወፍራም ካፖርት ይዛ የጠበቀቻት ሚስ ዊላ የምትባል አስተማሪ ነበረች። አፓርታማ ፈለጉላት፣ ፍራሽ አመጡላት፣ እንግሊዝኛ አስተማሯት። «ከእኛ ጋር ጸልዪ» ግን አላሏትም። በሦስተኛው ወር ራሷ ሄዳ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ በዚያው ቀረች። ቤቷ ዳዊቷን በአማርኛ ትደግማለች፣ እዚያ ደግሞ የእነሱን የጸሎት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ታነባለች። ሐበሻው «ጴንጤ ሆነች» ሲላት «ጴንጤ አይደሉም» ትላለች። «ታዲያ ምንድን ናቸው?» ሲሏት «እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ናቸው» ብላ ወሬ ትቀይራለች።

እኔ የመጀመሪያውን ዓመት መኪና ውስጥ ነበር የምጠብቃት። ቄሷ ሴት ናት! ቁርባኑን በእጃቸው ነው የሚቀበሉት! አበስኩ ገበርኩ ብዬ ሬዲዮዬን እከፍታለሁ። በኋላ አንድ ጥር ላይ ብርዱ ሲብስብኝ ገባሁ። ገና በሩን ሳልፍ አምስት ሰው «ዌልካም» አለኝ። የሰላምታው ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ከወንበሩ ተነሥቶ እየዞረ ይተቃቀፋል፤ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ሕፃን ሽማግሌ አይቀርም። ክላርክስተን ላሉት አዲስ መጤዎች አስቤዛ የሚያከፋፍሉትም እነሱ ናቸው፣ ማንነትሽን ሳይጠይቁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላሉ። እትዬ ስትቆርብም አየኋት። ተንበርክካ፣ ቀኝ መዳፏን በግራው ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትጠብቅ ፊቷ የልጅ ፊት ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሃይማኖት አልተከራከርኳትም።

ያናደደኝ ሌላ ነው። በየእሁዱ በሩ ላይ «የሺ! ዌልካም! ስለመጣሽ ደስ ብሎናል!» ይሏታል። ኧረ ጉድ ነው! ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንኳን ደህና መጣሽ ይባላል? እሷ ከመጣች በኋላ የተወለዱት ልጆች አድገው ምንባብ ያነባሉ፣ ሻማ ያበራሉ፣ ወንበር ይደረድራሉ። የእኔ አክስት ኩኪስ በሳህን ይቀርብላታል። ሳህኗን ልታጥብ ስትነሣ «ኖ ኖ፣ አንቺ ቁጭ በይ» ይሏታል፤ እሷም ትቀመጣለች። ልጅ ሲያጠፋ የሚቆጡት የራሳቸውን ነው፤ እሷን ማንም ተቆጥቷት አያውቅም። ብትቀር እንኳ «የት ጠፋሽ?» አይሏትም፤ «ስለተመለስሽ ደስ ብሎናል» ነው የሚሏት።

የምትፈልገውን ነገር ያወቅሁት አንድ እሁድ ስንመለስ ነው።

«ያ የመሠዊያው ጨርቅ» አለች ድንገት፣ መስኮት መስኮቱን እያየች።

«ምን ሆነ?»

«ግራ ጎኑ ተጨማዷል። ሚስ ዊላ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው የምትተኩሰው። እንዲህ ያለ ጨርቅ እርጥብ ሳለ ነው ካውያ የሚያርፍበት። ከደረቀ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብትታገዪው እሺ አይልም።»

«ታዲያ ለምን አታግዢያትም?»

የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። «እትዬ?» አልኳት።

«አንድ ጊዜ ጠይቃኝ ነበር።»

«መቼ?»

«በ1998።»

«ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? እኔ ማን ሆኜ አልኳት።»

«እሷስ?»

«ኦኬ አለች።»

መኪናዋን መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አድርጌ ላቆማት ምንም አልቀረኝም። ለካ ይህች ሴት ሁለተኛውን ልመና ስትጠብቅ አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው! ነገሩ ደግሞ እንዲሁ ጨርቅ መተኮስ አይደለም። በኛ ቤተ ክርስቲያን ሴት መቅደስ አትገባም፣ ጽዋውን አትነካም። እዚህ ግን መሠዊያውን የሚያለብሱት፣ ጽዋውን የሚያጥቡት፣ ኅብስቱን የሚያሰናዱት ምእመናን ናቸው፤ ሴትም ትሁን ወንድ። እትዬ ያን የሚያህል ክብር ሲሰጣት ተስገብግባ «እሺ» ልትል ነው? ነውር ነዋ። «ከልባቸው ቢሆን ደግመው ይጠይቁኝ ነበር» አለችኝ። ልቧ ውስጥ የተቀመጠው ይሄ ነው፤ ከልባቸው አይፈልጉኝም የሚል።

በ2015 የካቲት ላይ ሚስ ዊላ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋን ሰበረች። ማገገሚያ ቤት አስገቧት። እትዬ አለቀሰችላት፣ ሾርባ ይዛ ሄዳ ጠየቀቻት፣ እኔ ግን በሆዴ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «እሰይ፣ አሁን መሠዊያው ባዶ ነው» አልኩ። እሁድ እሁድ ስነዳት ማስጠናት ጀመርኩ።

«ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?»

«ኧረ ተይኝ።»

«የስ ነው የሚባለው። በይ እስቲ።»

«የስ» ትላለች እየሳቀች። «አንቺ ልጅ ዘንድሮ ምን ነካሽ?»

በሦስተኛው ሳምንት ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ጆይስ ኩኪስ ወደሚበላበት አዳራሽ መጥታ ቀጥ ብላ ወደ እኛ አመራች። «የሺ፣ የዊላን የመሠዊያ ሥራ አንቺ ብትይዢው ደስ ይለኛል። ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

እትዬን በክርኔ ጎሰም አደረግኳት።

«ኖ፣ ኖ፣ ኖ» አለች እጇን እያወዛወዘች፣ እየተሽኮረመመች። «እኔ? ኖ። ሌላ ጥሩ ሰው አለ።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለች ቄሷ።

«እርግጠኛ» አለች የእኔ ጉድ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። መኪና ውስጥ ጮህኩባት። «ሁለተኛው ነበር እኮ! አንድ ብቻ ነበር የቀረው!» እትዬ ቀበቶዋን እያሰረች «እርግጠኛ ነሽ ማለት ልመና ነው እንዴ? እሳቸው እኮ ለደንቡ ነው የጠየቁኝ» አለችኝ። ቆሽቴ አረረ። ሴትየዋ ቄስ ናት፣ ሥራ ይዛለች፣ ለደንቡ ብላ አዳራሽ አቋርጣ ትመጣለች?

በሚቀጥለው እሁድ ሥራውን ኬትሊን ያዘችው። ደንዉዲ ከሚባል ሰፈር ከመጣች ገና ሦስት ወሯ የሆነች ወጣት ነርስ ናት። ሲጠይቋት አፏን ሞልታ «ደስ ይለኛል!» አለቻቸው፣ አለቀ። ጥሩ ልጅ ናት፣ አልዋሽም። ግን ጨርቁን ማድረቂያው ድራየር ውስጥ ጨምራ እንዳወጣችው በዓይን ይታያል። ከመጨማደዱም በላይ በአንድ ጎን ወለሉ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ በሌላው ጎን የመሠዊያው እግር ታየ። እትዬ ስብከቱን አልሰማችም። እጇ ቀሚሷ ላይ፣ ጉልበቷ ላይ ይሄዳል ይመለሳል፤ የማይደርስበትን ጨርቅ እዚያ ታቃናለች። እኔ ያን እጅ እያየሁ ብዙ ልቀመጥ አልቻልኩም።

ስለዚህ ያደረግሁትን አደረግሁ። እትዬ መጸዳጃ ቤት ስትገባ ቄስ ጆይስን ጥግ አስያዝኳት። «ስሚኝ፣ በኛ አገር ኖ ማለት ደግመህ ጠይቀኝ ማለት ነው» አልኳት። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስተኛው ላይም እምቢ ካለችስ?»

«ያኔ እውነትም አልፈለገችም።»

ቄሷ ከኪሷ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አውጥታ ጻፈችው። ስትጽፍ ፊቷ ቀላ። «እኛ እኮ እንዳናስጨንቃት ብለን ነበር» አለች። «ሁልጊዜ ኖ ስትለን መቀመጥና መጸለይ ብቻ ነው የምትፈልገው ብለን ተውናት። አክብረናት ነበር።» አይ አለመተዋወቅ! አንጀቴን በላችው። አሁንማ ተስተካከለ ብዬ እየፈነደቅሁ ወጣሁ።

የቄሷ ደግነት ምን እንደሚሠራ አላሰብኩም። በሚቀጥለው እሁድ አዳራሹ ሙሉ ሰው ባለበት፣ ኬትሊን ራሷ አጠገቧ ቆማ ፈገግ እያለች፣ «የሺ፣ የመሠዊያውን ሥራ ትይዢያለሽ?» አለች።

«ኖ፣ ኖ፣ ኬትሊን አለች አይደል?» አለች እትዬ።

«እባክሽ፣ ትይዢያለሽ?»

እትዬ ግራ ገባት። «ኖ...»

«እባክሽ፣ እባክሽ?»

ይህ ሁሉ ደቂቃ አልሞላም። ጣቷን እያጠፈች ስትቆጥር ማየት ነበር የቀረን። ሰዉ ሁሉ ቡና በወረቀት ኩባያ ይዞ እየሳቀ ይጠብቃል፤ ለሁሉም ተነግሯል ማለት ነው። እትዬ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ኖ» አለች። «ቴንክ ዩ።»

ሦስተኛው ነው። በራሴ ሕግ ራሴን አሰርኩት።

መኪና ውስጥ በሩን በኃይል ዘጋችው፤ እትዬ በር በኃይል ስትዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ልመና አስጠንተሽ ታስለምኚልኛለሽ? የተጠና ልመና ምን ያደርግልኛል? ደግሞ የዚያችን ምስኪን ልጅ ሥራ ከእጇ ነጥቀው ሊሰጡኝ፣ በሰው ፊት!»

«አንቺም አታብዢው!» አልኳት። «አፍሽን ከፍተሽ ካልተናገርሽ ማን ልብሽን ያነብልሻል? ዝም አይነቅዝም እያልሽ ይኸው አረጀሽ!»

ቤቷ በር ላይ ስትወርድ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ከእንግዲህ እንዳትመጪ። አልሄድም» አለች።

እንደማለ ሰው ቆርጣ ነው ያለችው። የእነሱ ሆሳዕና ደረሰ፤ አልሄደችም። ቁልፍ ስለነበረኝ ገብቼ አየኋት። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ ዳዊቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አንድ ገጽ ላይ ዓይኗን ተክላ ተቀምጣለች። ገጹን አትገልጥም። «በይ እንግዲህ ከእኔ ጋር ወደኛ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ» አልኳት። «የኔ እዚያ ነው» አለች። «አልሄድም እንጂ የኔ እዚያ ነው።» የባሏ ጸሎተ ፍትሐት የተደረገው እዚያ ነው። በየዓመቱ ትንሣኤን እዚያ ነው የቆረበችው። እኔ ነኝ ከዚያ ያስወጣኋት። ሊፍቱ ውስጥ አለቀስኩ፤ ንዴትም ጸጸትም ነበር፣ የቱ እንደበዛ አላውቅም።

ማክሰኞ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ሚስ ዊላ ናት። «የሺን አምጪልኝ» አለች። እባክሽ የለ፣ እንዴት ነሽ የለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

እትዬ የታመመ ሰው ጠራኝ ሲባል እምቢ አትልም፤ ሹራቧን ደርባ ተነሣች። ማገገሚያ ቤቱ ስንደርስ ሚስ ዊላ አልጋዋ ላይ በሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ነው። እትዬ ጎንበስ ብላ ሳመቻት።

«እሁድ ለምን ቀረሽ?» አለች ሚስ ዊላ።

«ትንሽ አሞኝ ነበር።»

«ውሸት ነው።»

እትዬ ክው አለች። እኔም። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ማንም እንዲህ ብሎ ተናግሯት አያውቅም።

«በ1998 ለምንድን ነው እምቢ ያልሽኝ?»

እትዬ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ታቃና ጀመር።

«ጣቶቼ መታመም የጀመሩት ያኔ ነው» አለች ሚስ ዊላ። «ስለ ጨርቅ ከእኔ የበለጠ እንደምታውቂ አውቅ ነበር። አንቺን እንጂ ሌላ ማንንም አላሰብኩም። እምቢ ስትዪኝ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ኤርፖርት የተቀበልኳት ልጅ ከእኛ ጋር ትጸልያለች እንጂ የእኛ መሆን አትፈልግም አልኩ። ልቧ አገሯ ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ ተውኩሽ። አሥራ ሰባት ዓመት በእነዚህ ተኮስኩ።» እጆቿን ከብርድ ልብሱ አወጣቻቸው። ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል ተጠማዘዋል።

እትዬ ሁለቱንም እጆች ያዘቻቸው። «እኔ እኮ... ደግመሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነው» አለች። «አልፈለግሽኝም ብዬ ነው።»

«ጆይስ ነግራኛለች። ሦስት ጊዜ ነው አሉ።» ሚስ ዊላ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ሦስቴ የምጠይቅበት ዕድሜ የለኝም። አንዴ ነው የምጠይቅሽ። ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

ያቺ ኖ ከእትዬ ጉሮሮ ስትነሣ አየኋት። ትከሻዋ ሲነሣ፣ ያ ሳቋ ሊመጣ ሲል፣ እጇ ሊወዛወዝ ሲል። ምላሴን ነክሼ ያዝኩ። እትዬ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች፣ አንገቷ ድረስ ቀላች፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው።

«እፈልጋለሁ» አለች በአማርኛ።

«ምን አለች?» አለችኝ ሚስ ዊላ። ልተረጉም አፌን ስከፍት እትዬ በእጇ አስቆመችኝ።

«አይ ዎንት» አለች ቀና ብላ። «አይ ዎንት ኢት። በጣም። ከድሮ ጀምሮ።»

ሚስ ዊላ አላቀፈቻትም፣ ዌልካምም አላለቻትም። ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ እየዳበሰች አንሥታ ደወለች። «ጆይስ፣ ለትንሣኤ የምትሠራው የሺ ናት። ኬትሊን እሷ ሥር ትማር። ... አዎ፣ አንዴ ነው የጠየቅኳት።» ዘጋችውና ወደ እትዬ ዞረች። «ሐሙስ ከጸሎት በኋላ መሠዊያውን ልብሱን ሁሉ አውልቀሽ ታራቁቺዋለሽ። ቅዳሜ ጠዋት ነጩን ታለብሺዋለሽ፣ አርፍደሽ እንዳትመጪ። ወይን የነካው ጨርቅ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚፈልገው፣ በሙቅ እንዳታበላሺብኝ። ስታርች አይገባበትም። እርጥብ ሳለ ነው የሚተኮሰው።»

ኧረ በስማም! ለማን ነው የምታስተምረው? «ሚስ ዊላ፣ አክስቴ እኮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ላውንድሪ...» ብዬ ስጀምር እትዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ ደህና አድርጋ። ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች፣ የመድኃኒት ወረቀቷን ገለበጠች። እንባዋ እየወረደ «ቀዝቃዛ ውሃ» ብላ ጻፈች።

«እሺ፣ ሚስ ዊላ» አለች። «ከዚያስ?»